ስምንት ሰኞ

«እጃቸው ይበቃናል። ፊታቸው አያስፈልግም፤ ድምፃቸውም ቢቀር ይሻላል።»

ታክ ፒልሬ ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ወዲህ ሆና፣ የቃጫውን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መቀሷን ልትከፍት ስትል ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ልጇ አራን ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ድምፁን ከፍታ፣ ዋና ከተማው ሶል ካለ ሰው ጋር ትነጋገራለች። ሰውየው ጨዋ ነው። እንደሳቸው ያለ እጅ በዚህ ሥራ አይቼ አላውቅም አለ፤ መርፌዋ ጨርቁ ውስጥ ስትገባ ሰው ትንፋሹን ይይዛል አለ። «አነጋገራቸው ግን የዴጉ ገበያ አነጋገር ነው፤ የሶል ሰው አሥር ደቂቃ ከሰማ ይደክመዋል። ፊታቸው ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነገሩ ራሱ የሞት ነገር ነው፤ በላዩ ላይ የተኮሳተረ ፊት ከጨመርንበት ማንም አይገዛውም። አንዲት ወጣት ተዋናይት ታነብልናለች።» ፒልሬ ልጇ ምን እንደምትመልስ ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። አራን በመጨረሻ «ገባኝ፤ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» አለች።

ፒልሬ መቀሷን ሳትከፍት መልሳ አስቀመጠችው። ጨርቁን አራት ቦታ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። አራን መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ፊቷን ወደ ሳጥኖቹ አዙራ ክር እንደምትፈልግ ሆነች። «ሰውየው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። በፈጣኑ ባቡር ነው የሚመጣው። ውሉንም ይዞ ነው» አለች ልጅቱ። «ይምጣ» አለች እናትየው። ሌላ ነገር ሳይነጋገሩ አራን ውጭ ወጥታ በረዶ የገባበት ቡና ገዝታ ተመለሰች፤ ለእናቷም አንድ አምጥታ ነበር፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ማንም አልነካውም።

ሱቋ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ሳጥኖች ውስጥ ያለው ሁሉ መግነዝ ነው፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ሱሪው፣ ካባው፣ ካልሲው፣ የእጅ መሸፈኛው፣ የፊት መሸፈኛው። ፒልሬ ይህን ስፌት የተማረችው ከአማቷ ነው፤ አማቷ ደግሞ ከራሳቸው አማት። ዛሬ ግን የቀብር አዳራሾቹ መግነዙን ከሬሳ ሣጥኑና ከአበባው ጋር አንድ ላይ ነው የሚሸጡት፤ ሁለት መቶ ሺህ ዎን ብቻ የሚያወጣ የማሽን ስፌት ከውጭ ይገባል፤ የእሷ አንዱ ብቻ ሁለት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ነው። ባለፈው ወር የሸጠችው ሁለት ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድም አልሸጠችም። አራን ሶል ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራችበት መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ወደ ቤት ስትመለስ ነው ነገሩ የተጀመረው። «እማ፣ ልብሱን ካልገዙ ስፌቱን እንሽጥላቸው» አለች። ለእናቱ በገዛ እጁ መስፋት የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ የሚያሳየው ነው ያጣው። በመጋቢት ወር አንድ ቀን ስልኩን ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ሰቅላ፣ ፒልሬ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ፀሐይ እስክትጠልቅ አንድ ሙሉ መግነዝ ስትሰፋ ቀረጸቻት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። አራን ወረቀቱን በሦስት ከፍላ፣ ትምህርቱን በኢንተርኔት የሚሸጡበትን ሦስት ቦታ ጽፋበታለች። አንደኛው ሶል ያለው ትልቁ ቤት ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ሰው ይገባበታል፤ ራሱ ያስተዋውቃል፣ ጨርቁንና መርፌውን በካርቶን አሽጎ ለተማሪው ይልካል፤ ከገቢው ግን ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ አምስት ዓመት ሌላ ቦታ መሸጥ አይቻልም። ሁለተኛው ትንሿ ቤት ናት፤ በወር ጥቂት ከፍለሽ ያሻሽን ታስገቢያለሽ፤ የሚገዛሽን ሰው ግን ራስሽ ፈልጊ። ሦስተኛው ነፃ ነው፤ ማስታወቂያ እያቋረጠው ማንም ያየዋል። ፒልሬ ፊደል የምትቆጥረው ቀስ ብላ ነው፤ ወረቀቱን አንብባ ለመጨረስ ሁለት ማለዳ ፈጅቶባታል። ሦስተኛውን ያን ቀን ነው የሰረዘችው። መግነዝ መሀል የሳሙና ማስታወቂያ አይገባም ብላ።

ትርፉ ወር ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በየሦስት ዓመቱ ገደማ በጨረቃ አቆጣጠር ከስድስተኛው ወር ወይም ከሌላ ወር ኋላ እየገባ የሚመጣ ወር ነው፤ መናፍስቱ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያሳልፉት ስለሆነ መቃብር የሚያዛውርም፣ ለወላጆቹ መግነዝ የሚያሰፋም ያን ጊዜ ያደርገዋል። በዚያ ወር የተሰፋለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ስለሚባል ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ልጆቻቸውን ይጎተጉታሉ። ትልቁ ቤት ውሉ ዛሬ ከተፈረመ ትምህርቱን ለዚያ ወር የፊት ገጹ ላይ አወጣዋለሁ ብሏል። ዛሬ ካልተፈረመ ደግሞ የሚቀጥለው ትርፍ ወር ሲመጣ ሱቋ መኖሯንም ማን ያውቃል።

ምሳ ሰዓት ላይ ፒልሬ ከጎኗ ብርድ ልብስ ከምትሸጠው ከዎልሱን ጋር የአኩሪ አተር ወተት ውስጥ የገባ ቀዝቃዛ ኑድል ልትበላ ወጣች። ሐምሌ ዴጉ ላይ እሳት ነው፤ የገበያው መተላለፊያ ጣሪያ እንደ ምጣድ ግሏል። አምና ስምንት ሺህ ዎን የነበረው ሳህን ዘጠኝ ሺህ ገብቷል፤ ዱባውም ቀንሷል። ዎልሱን ከፒልሬ ስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ አፏ ግን ገና ወጣት ነው።

«የአራን እናት፣ በስልክ ልትወጪ ነው አሉ። ፀጉርሽን አትሠሪም እንዴ?»

«እጄ ብቻ ነው የሚወጣው፣ እትዬ። ጥፍሬን ልቁረጥ።»

«እጅሽ ብቻ? ሌላውን አካልሽን ምነው? ፖሊስ ይፈልገዋል?»

ፒልሬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቀረ። ዎልሱን አየቻት፤ ጉዳዩን አልጠየቀችም፤ ከራሷ ሳህን ግማሽ እንቁላል አንስታ ሰጠቻትና ወሬውን ወደ ምራቷ አዞረችው። «የኔዋ ደግሞ ከስልክ ላይ ዮጋ ትማራለች። መቶ ሃያ ሺህ ዎን ከፍላ። ሰኞ ሰኞ አንድ አንድ ትምህርት ይከፈትላታል። ሦስተኛው ሰኞ ላይ አንድ እግሯን አንስታ ቀረች፤ ይኸው እስካሁን አላወረደችም።»

«ሰኞ ሰኞ?» አለች ፒልሬ።

«ሰኞ ሰኞ። ቸኩለሽ ልቅደም ብትይ አይከፍትልሽም።»

ፒልሬ የመመገቢያ እንጨቷን አስቀመጠች። ኑድሉን ሳትጨርስ፣ ዘጠኝ ሺህ ዎኗን ሳህኑ ሥር አድርጋ፣ ፀሐዩን አቋርጣ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

«አራን።»

«ወዬ እማ።»

«የኛን ትምህርት የገዛ ሰው ባንዴ ነው የሚያየው?»

«አይ፤ ሰኞ ሰኞ ነው። ስምንት ሰኞ። ለሁሉም እንደዚያ ነው። ባንዴ ከተከፈተለት አይቶ ይጨርስና ገንዘቤን መልሱ ይላል።»

«በመጀመሪያው ሰኞ ምኑን ይሰፋል?»

«ሱሪውን።»

«ከዚያስ?»

አራን አፏን ከፈተች፤ መልሱም ወዲያው አፏ ላይ ነበር፤ ግን አልወጣም። ይህች ልጅ እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷና እናቷ ከጎህ ጀምረው ሲሰፉ ካገኘቻቸው፣ እራቷን ራሷ እንደምትፈልግ ታውቅ ነበር፤ የመጨረሻዋ እጅጌ ሳትዘጋ ከወለሉ የሚነሳ የለምና። መግነዝ በተጀመረበት ቀን ያልቃል። ፀሐይ ጠልቃበት ካደረ፣ ግማሽ ሆኖ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ፣ ባለቤቱን ይጠራዋል። ይህን አራን ስሟን እንደምታውቀው ታውቀዋለች። ቪዲዮውን ግን ቁጭ ብላ፣ በገዛ እጇ፣ ስምንት ቦታ ቆርጣዋለች፤ ለእያንዳንዱም የሚያምር ርዕስ ሰጥታዋለች። የትልቁ ቤት ሰዎች ጎበዝ ብለዋት ነበር።

«ልብ አላልኩም» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ቶሎ ብላ «ሁሉንም አይታችሁ ስታበቁ በአንድ ቀን ስፉት ብለን እንጽፍላቸዋለን» አለች።

«ትርፉ ወር ሃያ ዘጠኝ ቀን ነው። ስምንተኛው ሰኞ ሲመጣ ወሩ የት ሄዶ ይጠብቃቸዋል?»

ፒልሬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠዋት ያጠፈችውን ጨርቅ ወደ ራሷ ሳበችው። «ጠዋት የተነጋገራችሁትንም ሰምቻለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

አሥር ሰዓት እስኪሆን አራን ወለሉን ጠረገች፤ የተጠረገውን መልሳ ጠረገች። አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ የልጆች ልብስ የት እንደሚሸጥ ጠይቆ ሄደ።

አቶ ማ የተባለው ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ በሁለት እጁ አንድ ካርቶን የጂንሰንግ መጠጥ ይዟል። ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ፒልሬን «መምህርት» ነው የሚላት። መጥፎ ሰው አለመሆኑ ይታያል፤ የአያቱን ቀብር አነሳ፣ በገዛነው መግነዝ እስከ ዛሬ አዝናለሁ አለ፤ ዓይኑም የእውነት ነበር። ፒልሬ መጠጡን ከፍታ አንዱን ለራሱ ሰጠችው።

«እስቲ የሠራችሁትን አሳየኝ፣ ልጄ» አለችው።

ሰውየው ሰፊውን ስክሪን ከቦርሳው አውጥቶ አቆመላት። የመጀመሪያው ሰኞ ነበር። ፒልሬ የራሷን ሁለት እጆች አየች፤ ትልልቅ፣ የአውራ ጣቷ ጎን የተላጠ፤ ሰማያዊ መደብ ላይ ሆነው የሌላ ሰው እጅ ይመስላሉ። መርፌው ውስጥ ክር ገባ። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ እግር ለስላሳ በሆነ፣ ለሕፃን ተረት በሚነገርበት ዓይነት ድምፅ መናገር ጀመረች፤ «ክሩን ካስገባን በኋላ እንዳያመልጠን ጫፉን እንቋጥራለን።» እጆቹ አልቋጠሩም። እጆቹ የክሩን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ለቀቅ አድርገው ትተው፣ እንዲሁ መስፋት ጀመሩ። ልጅቱ «አሁን አንድ ስፌት ወደ ኋላ መልሰን እናጠብቀዋለን» አለች። እጆቹ ወደ ኋላ አልተመለሱም፤ ወደ ፊት ብቻ ሄዱ። አራን መሬት መሬቱን ታያለች።

«ማነው ይህን የጻፈው?» አለች ፒልሬ።

«የጽሑፍ ክፍላችን ነው፣ መምህርት። የስፌት ትምህርት ሁሉ በቋጠሮ ይጀምራል ብለው ነው። ስህተት ካለ ዛሬውኑ እናስተካክላለን።»

«በመግነዝ ላይ ቋጠሮ የለም። ወደ ኋላም አይሰፋም። የሚሄደው ሰው የሚይዘው ነገር እንዳይኖር ነው። ይሄ እጅ የኔ ነው፣ ልጄ፤ የምታወራው ልጅ ግን እጄን አታየውም።»

«ልክ ነዎት። ይስተካከላል። ድምፁንም ቢሆን... እስቲ ከአለቆቼ ጋር ልነጋገር፤ መግቢያውን እርስዎ ሊናገሩት ይችሉ ይሆናል።»

«ስምንቱ ሰኞስ?»

ሰውየው ላቡን ጠረገ። «እሱ የቤቱ ሕግ ነው። ለአንድ ትምህርት ብቻ ልንቀይረው አንችልም። ማሽኑ ራሱ ነው የሚከፍተው።»

«በአራተኛው ሰኞ እናቱ የሞተችበት ሰው እጅጌ የሌለው መግነዝ ይዞ ምን ያድርግ?»

አቶ ማ ለመዋሸት አልሞከረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህርት፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ትንሿ ቤት ውስጥ ቢያስገቡት ማንም አያገኝዎትም። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። እኛ ጋ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አርባ ሺህ ሰው ያየዋል። ያወቁት ነገር ከእርስዎ ጋር ከሚቀር፣ ትንሽ ተጣሞም ቢሆን ለሰው ቢደርስ አይሻልም?»

ይህ ነገር ፒልሬን ነካት። ከጠዋት ጀምሮ ከሰማችው ሁሉ ይኸኛው ነው የከበዳት። ጨርቁን በመዳፏ አለሰለሰችው። «ተጣሞ የሚደርሰውንማ የቀብር አዳራሹ ይሸጥላቸው የለም» አለች። «ይሄኛው ካልተጣመመ ብቻ ነው የሚረባው። አልፈርምም፣ ልጄ። ይህን ያህል መንገድ አስመጣሁህ፤ ይቅር በለኝ።»

እሱም ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ጫማውን ሲያስር ጊዜ ወሰደበት፤ ምናልባት ትጠራኝ ይሆናል ብሎ ይሆናል።

አራን በሩ እስኪዘጋ ብቻ ነው የጠበቀችው። «ኩራትሽን አተረፍሽ፣ እማ። እሰይ። እኔ አራት ወር ሙሉ ምን ስሠራ ነበር? ምን ጎድሎብኝ ነው እዚህ ቁጭ ብዬ መግነዝ የምቆርጠው? አሁን ማን መጥቶ ያገኘናል? ንገሪኛ!»

«አላውቅም» አለች ፒልሬ። እውነቷን ነው፤ አታውቅም ነበር።

አራን አለቀሰች። እናትየው አላባበለቻትም፤ አልተቆጣቻትምም። ልጅቱ ስታበቃ ፊቷን በማራገቢያው ፊት አድርቃ፣ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ለረጅም ጊዜ ቁልፎቹን ብቻ ስትነካ ቆየች። «ትንሿ ቤት ሳልቆርጠው ላስገባው?» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ሳትቆርጪው።»

«አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። ያስነጠስሽበት አለ። ከእትዬ ዎልሱን ጋር ስለ ነጭ ሽንኩርት ዋጋ የተጨቃጨቅሽበት አለ።»

«ሰው እየሰፋ ያወራል።»

ዘጠና ሺህ ዎን ብለው ዋጋ አወጡለት። ፒልሬ ሰማንያ ይሁን ብላ ነበር፤ አራን እምቢ አለች። ማስታወቂያውን አራን በሦስት ቦታ ለጠፈችው፤ በእጅ የሚሰፉ ሴቶች በሚሰበሰቡበት ገጽ፣ በአንድ ቤተ መቅደስ የሴቶች ማኅበር ገጽ፣ በሰፈሩም ገጽ ላይ። ስድስት መስመር ነው፤ ቃሉን ፒልሬ ተናገረችው፣ አራን ጻፈችው። የመጨረሻው መስመር «በአንድ ቀን የሚጨርስ ብቻ ይግዛ» ይላል። አራን ይህ ደንበኛ ያባርራል አለች፤ ግን ጻፈችው።

ነጋዴው ዕቃውን በሸራ ሲሸፍን፣ የመንገዱ አስፋልት ሙቀቱን መትፋት ሲጀምር፣ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ጮኸ። አንድ ሰው ገዝቷል። አራን ዘላ ልትነሳ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ከግዢው ጋር መልእክት ነበር። ለራሷ አነበበችው። ከዚያ እናቷን አየቻት።

«አንብቢልኝ» አለች ፒልሬ።

አራን ጉሮሮዋን ጠራርጋ አነበበች። «መምህርት፣ ሙሉውን ገና አላየሁትም፤ መጀመሪያውን ብቻ ነው ያየሁት። እዚያ የነገሩን ልክ ለአረጋዊ ሰው ነው። የኔ ልጅ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት ነው። ሆስፒታል ነው ያለው፤ ሐኪሞቹ እስከ መስከረም አይደርስም ብለውኛል። ጨርቁ ስንት ይጨመርበት? እናት ለልጇ መስፋቷ ነውር ከሆነ ደግሞ እሱንም ይንገሩኝ። የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ነውር ነው። ፒልሬ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ልጅ ለወላጁ ይሰፋል፤ ወላጅ ለልጁ አይሰፋም፤ ልጁ የሞተበት ሰው እንኳን መርፌ ሊይዝ፣ ከሬሳው ኋላም አይሄድም። አማቷ ይህን በሰላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሯት፤ ሁለተኛ መናገር አላስፈለጋቸውም። አንድ ጊዜ ለልጄ ልስፋለት ብላ የመጣች ሴት ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፒልሬ አንገቷን ደፍታ፣ እዚህ አይሠራም ብላ መልሳታለች። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

አራን ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። «ምን ብዬ ልጻፍላት?»

«አትጻፊ። ስልክሽን ክፈቺው፤ ልናገር።»

አራን ስልኩን ከፍታ በሁለቱ መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ቀይዋ ነጥብ በራች። ፒልሬ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ደንበኛ ከፊቷ የተቀመጠ ያህል ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«እህቴ» አለች በገበያ አነጋገሯ። «ፒልሬ ነኝ። ነውር አይደለም። ማንም ነውር ነው ቢልሽ ፒልሬ አይደለም አለችኝ በይው። ሲተኛ ጠብቀሽ ክንዱን ከትከሻው ጀምረሽ እስከ ጣቱ ጫፍ ለኪልኝ፤ በሜትር አይሁን፣ ሜትር ካየ ይገባዋል፤ በክር ለኪው። እግሩንም እንደዚሁ። ያን ያህል ቁመት ላለው ሰው የካባው ጨርቅ ክንድ ተኩል ይጨመርበታል፤ እጅጌው ጣቶቹን መሸፈን አለበት።» ቆም አለች። አራን እጇን ወደ ስልኩ ስትሰድ በዓይኗ ከለከለቻት። «ብቻሽን ግን አትስፊው። የምትጀምሪበትን ቀን ንገሪኝ። በዚያ ቀን ጎህ ሳይቀድ እኔም እዚህ ክሬን አስገብቼ እጠብቅሻለሁ። አንቺ ሱሪውን ስትይዢ እኔም ሱሪውን እይዛለሁ። ከደከመሽ ደውይልኝ፤ ካለቀስሽም እያለቀስሽ ስፊ፤ እኔ አልዘጋም።»

አራን ቀረጻውን አላቆመችም። ሁለቱ ቀይዋን ነጥብ እያዩ ተቀመጡ።

«እማ» አለች አራን ቀስ ብላ፣ «የዚያን ቀን እኔም እሰፋለሁ።»

ፒልሬ ቀና ብላ አየቻት። «እንዲህ ከሆነ ይሄንንም ትስማው» አለች። «ላኪላት።»